ባሱ አለቀ ወይስ መንጠቆ አወቀ?

ትንሽ ሐይቅ ላይ ባስ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቅሬታ ማሰማቱ አይቀርም። «ድሮ እዚህ ውሃ ላይ ግማሽ ቀን መዋል በቂ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ወርውረን ሁለት ካወጣን ተመስገን ነው» ይላል። ፍርዱም ወዲያው ይከተላል፤ ዓሣው አለቀ። ከዚያ መዋጮ ይሰበሰባል፣ የዓሣ ጫጩት ይገዛል፣ ሐይቁ ውስጥ ይለቀቃል። በዓመቱ ቅሬታው እንዳለ ነው፤ ገንዘቡ ግን የለም።

እዚህ መሃል አንድ ነገር ተዘሏል። መንጠቆ ላይ የሚወጣው ዓሣ ብዛትና ውሃው ውስጥ ያለው ዓሣ ብዛት አንድ አይደሉም። አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይወርድ ይችላል። አንዱ ሳይነቃነቅ ሌላው ሊያልቅም ይችላል። ትንሽ ሐይቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዓሣው የሚሸሽበት ቦታ የለውም፤ ሰውም የሚወረውረው እዚያው የለመደው ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያለቀው ዓሣው ነው ወይስ በቀላሉ የሚያዘው ዓሣ የሚለው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሁለተኛው ነው።

ባስ ስል የማወራው ላርጅማውዝ ስለሚባለው፣ ትልቅ አፍ ስላለው ባስ ነው። የትውልድ አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ማጥመዱ ስለሚያስደስት ብቻ ዓለምን ዞሯል። ጃፓን በ1925 ገባ። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ በ1929 ተለቀቀ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አድፍጦ የሚይዝ አዳኝ ነው። ግንድ ሥር ወይም የአረም ጠርዝ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል፤ ትንሽ ዓሣ፣ ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ)፣ እንቁራሪት፣ ሲመጣበትም የራሱን ዘር። ለ77 ዓመታት ብቻውን የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው ባስ የወጣውም ከሰፊ ሐይቅ አይደለም። ጆርጅ ፔሪ በ1932 አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ዓሣ የያዘው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ፣ ከወንዝ ተቆርጦ ከቀረ ትንሽ ውሃ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሐይቁ ማነስ ላይ ማላከክ አያዋጣም።

መንጠቆ ያልነካቸው 200 ዓሦች

ኢሊኖይ ውስጥ ሪጅ ሌክ የሚባል፣ ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። በ1975 ተመራማሪዎች እዚያ አንድ ጥናት ጀመሩ። ማጥመድ ይፈቀዳል። ግን የተያዘው ባስ ሁሉ ይመዘገባል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ በሕይወት ይለቀቃል። የትኛው ዓሣ ስንት ጊዜ እንደተያዘ በወረቀት ላይ አለ። ከአራት ዓመት በኋላ የሐይቁን ውሃ አፍስሰው ውስጡ የቀረውን ዓሣ ሰበሰቡ። ከ1,700 በላይ ሆነ። ከነዚህ ውስጥ 200 ያህሉ አራቱን ዓመት ሙሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ኖረው አንድም ቀን አልተያዙም። በሌላ በኩል በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ 16 ጊዜ የወጣ ዓሣ ነበር። ሌላው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተያዘ። ይሄኛው ከትምህርት ጋር ጠብ ነበረው።

እስቲ ይህን ወደ ተራ ሐይቅ እናምጣው። እዚያ የሚመዘግብ የለም። የተያዘው ዓሣ ገሚሱ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ገሚሱ ይለቀቃል። መጀመሪያ የሚያልቁት እነዚያ ደፋሮቹ፣ ያዩትን ሁሉ የሚነክሱት ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ደስታ የመጣው ከእነሱ ነበር። የሚቀሩት ጠርጣሮቹ ናቸው። በቁጥር ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ለአጥማጁ እንደሌሉ ናቸው። እሱም ባዶ እጁን እየተመለሰ «ምንም የለም» ቢል አይፈረድበትም።

የሪጅ ሌክ ሰዎች እዚህ ላይ አላቆሙም። ብዙ ጊዜ የተያዙትን ለብቻ፣ ያልተያዙትን ለብቻ አራቡ። ልጆቹን አንድ ኩሬ ውስጥ ቀላቅለው አጠመዱ፤ ከየወገኑ ደግሞ መርጠው አራቡ። ሥራው ሦስት ትውልድ ሄደ። ወደ 20 ዓመት ፈጀ። ውጤቱ በ2009 ሲታተም ያሳየው ለመንጠቆ መቸኮል በከፊል የሚወረስ ጠባይ መሆኑን ነው። አብዛኛው ልዩነት ከኑሮና ከአጋጣሚ ይመጣል። ከመቶ 15 ገደማው ግን ከወላጅ ነው። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በየዓመቱ፣ በየትውልዱ አንድ ዓይነቱን ብቻ ስትለቅሙ ግን ይጠራቀማል። አንድ የሚገርም ነገርም አለ። በቀላሉ የሚያዘው ወገን ከትውልድ ትውልድ ብዙም አልተቸኮለም። የተለወጠው በዋነኛነት ጠርጣራው ወገን ነው፤ ይበልጥ ጠርጣራ ሆነ።

ከውርስ ሌላ ተራ ልምድም አለ። በ1970 ኔዘርላንድስ ውስጥ በፓይክ ዓሣ ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ደህና አድርጎ አሳይቷል። አንድ ጊዜ በሚሽከረከር ሰው ሠራሽ ማባበያ የተያዘ ፓይክ ሁለተኛ ወደዚያ ነገር አይጠጋም ማለት ይቻላል። በሕይወት ባለ ትንሽ ዓሣ ሲያጠምዱት ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላሳየም። ባስም ቢሆን ጀልባ በበዛበት ውሃ ላይ ቶሎ ይነቃል። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ሐይቅ በተከፈተ ማግስት በሽ በሽ የሚሆነው፣ በሁለተኛው ሳምንት ጭጭ የሚለው ለዚህ ነው። በመሃሉ አንድም ዓሣ ያልሞተ ሊሆን ይችላል።

አባትየው ጎጆው ላይ እያለ

ልምድና ጠባይ አንድ ነገር ነው። ዓሣው በእውነት የሚቀንስበት መንገድ ግን አለ፣ ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ በመራቢያ ወቅት የሚሆነው ነው።

ውሃው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲደርስ ወንዱ ባስ ወደ ዳር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ላይ ጠጠር ያለበት ቦታ ይመርጣል። በጅራቱ ደለሉን እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል። ከላይ ሲታይ ጠቆር ባለው ወለል ላይ ነጣ ያለ ክብ ሆኖ ይለያል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ የአባትየው ነው። በክንፉ እያራገበ አየር ያገኛቸዋል፤ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ጎጆውን ለቀው ጥቁር ደመና ሠርተው መዋኘት ሲጀምሩም ለሳምንታት ከሥራቸው አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከምግብ ጋር ብዙም አይገናኝም።

አጥማጁ ማባበያውን ጎጆው ላይ ሲጥል ባሱ የሚነክሰው ርቦት አይደለም። ሊያባርረው ነው። ያኔ ማንም ሊይዘው ይችላል። ከዚያም ፎቶ ይነሳል፣ ይመዘናል፣ «ለቅቄዋለሁ» ይባላል። ግን እሱ ጀልባ ላይ እያለ ብሉጊልን የመሰሉ ትናንሽ ዓሦች ጎጆው ላይ ይረባረባሉ። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ኦፒኒኮን ሐይቅ ላይ ለዓመታት የተደረጉ ምልከታዎች ይህን በተደጋጋሚ አሳይተዋል። አባትየው ለደቂቃዎች ሲጠፋ ጥቃቱ ይጀምራል። ደክሞ ሲመለስ ብዙ እንቁላል ጠፍቶ ካገኘው ጎጆውን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ይችላል።

አሁን ከቅድሙ ጋር እናገናኘው። በሪጅ ሌክ ዘሮች ላይ የተሠራና በ2012 የወጣ ጥናት በቀላሉ የሚያዙት ወንዶች ጎጆ በመጠበቅ የተሻሉ አባቶች መሆናቸውን አሳየ። ኃይለኞች ናቸው፤ ንቁዎች ናቸው። ለመንጠቆ የሚያጋልጣቸው ጠባይና ልጆቻቸውን የሚያድነው ጠባይ አንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምንለቅማቸው ዓሦች የሐይቁ ምርጥ አሳዳጊዎች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ ሁልጊዜ ሐይቁን ያራቁተዋል ማለት ግን አይደለም። አንድ ጎጆ በሺዎች የሚቆጠር ጫጩት ሊያወጣ ይችላል። ጥቂት ጎጆዎች ከተሳኩ ለትንሽ ሐይቅ ይበቃሉ። አደጋው ምቹ ጠጠራማ ዳር ጥቂት በሆነበት፣ ሁሉም ጎጆ ከጀልባ በሚታይበት ውሃ ላይ ነው። ትንሽ ሐይቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሰፊ ሐይቅ ላይ ሰው የማያገኘው ጥግ ይኖራል።

ደህና ሲያዝም መጠርጠር ነው

እስካሁን ያልኩት ማጥመጃው ሲደርቅ ዓሣው ላያልቅ ይችላል የሚል ነው። ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ይበልጥ ያስፈራል። ዓሣው እያለቀ ማጥመጃው አልቀንስ ሊል ይችላል። ምክንያቱም ባስ ሐይቁ ላይ እኩል ተበትኖ አይኖርም። ጥሩ ጥሩው ቦታ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ ሲያዝ ሌላው መጥቶ ግንዱ ሥር ይተካል። አጥማጁ እዚያው ግንድ ላይ ሲወረውር የሚያየው ለውጥ የለም። ሐይቁ ግን ከዳር እየተራቆተ ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ፣ በትክክል እሱ ነው።

ደቡብ ካሊፎርኒያ ላይ በሁለት የባሕር ባስ ዝርያዎች የደረሰው ይኸው ነው። ዓሦቹ ለመራባት በየዓመቱ የታወቀ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። ጀልባዎቹ እዚያው ይሄዱና ደህና ይዘው ይመለሳሉ። የማጥመጃ መዝገቡ ለዓመታት ደህና ነኝ ሲል ኖረ። በ2011 የወጣ ጥናት ግን የዓሦቹ ቁጥር በዚያው ጊዜ ክፉኛ እንደወደቀ አሳየ። የባሕር ዓሦች ቢሆኑም ትምህርቱ ለሐይቅም ይሠራል።

አሁን ደግሞ ከፊት ያለውን ዓሣ በቀጥታ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ሶናር ገበያውን ሞልቶታል። አንድ ባስ ግንድ ሥር ቆሞ፣ ማባበያው ሲቀርበው ዞር ሲል ሳይቀር ይታያል። በትልልቅ ውድድሮች ላይ ገደብ እስከመጣል ያደረሰ ክርክር አስነስቷል። ለእኔ ዋናው ችግሩ ሌላ ነው። መሣሪያው ሲሻሻል የማጥመጃ መዝገብ ይበልጥ ይዋሻል። ከአሥር ዓመት በፊት በሰዓት አንድ ዓሣ ያወጣና ዛሬም በሰዓት አንድ የሚያወጣ ሰው፣ በመሃሉ ሶናር ከገዛ፣ ሐይቁ አልተለወጠም ሊል አይችልም።

ሐይቁ ራሱ ሲለወጥ

አንዳንዴ ነገሩ ከአጥማጅ ጋር አይገናኝም። ሰሜን ዊስኮንሲን ውስጥ ሊትል ሮክ የሚባል 18 ሄክታር ገደማ የሆነ ሐይቅ አለ። ለሳይንስ ሲባል መሃሉ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። በ2002 ተመራማሪዎች ከአንደኛው ወገን ውሃ ውስጥ የወደቀውን ግንድና ቅርንጫፍ ከ70 በመቶ በላይ አወጡት። ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሌላ ምንም አልነኩም። ግንድ በተነሳበት ወገን ፐርች የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች መደበቂያ አጥተው ቁጥራቸው ወደቀ። ባሱም የሚበላው ዓሣ አጣ። ከላይ የሚወድቅ ነፍሳትና ሌላ የየብስ ነገር መልቀም ጀመረ። እድገቱ ተጎተተ።

ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ «ዳሩን ላጽዳ» የሚል ሰው ነው። የወደቀውን ዛፍ ይጎትታል፣ ሸምበቆውን ያጭዳል፣ አሸዋ ይደፋል። ለዓይን ያምራል። አንድ ሰው ቢያደርገው ምንም አይደል። ትንሽ ሐይቅ ዙሪያውን ሁሉም ቤት ያንን ካደረገ ግን ባሱ የሚያደፍጥበትም፣ የሚበላውም ይጠፋል።

አረም ላይም እንዲሁ ነው። አረም ሐይቁን ሲሞላው ባሱ ማደን ይቸግረዋል፤ ትናንሾቹ ተደብቀው ይበዛሉ። ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ የባሱ ጫጩቶች ራሳቸው የሚሸሸጉበት የለም። የሙያው ሰዎች ከሐይቁ ስፋት ከ20 እስከ 40 በመቶ አረም ቢሸፍነው ይመርጣሉ። እዚያ ላይ መቆም ግን ከባድ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኮንሮ ሐይቅ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አረም ለማጥፋት 270 ሺህ ገደማ ሣር በል ካርፕ ተለቀቀ። በሁለት ዓመት ገደማ አረም የሚባል አልቀረም። እነዚህ ዓሦች ሲጠግቡ አያቆሙም፤ ከገቡ በኋላም ተዉ አይባሉም።

ሙቀትና ኦክስጅንም አለ። 15 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። 30 ዲግሪ ሲደርስ 7.5 ገደማ ላይ ይቆማል። ከእርሻና ከቤት የሚመጣ ማዳበሪያ አልጌውን ሲያፋፋው ቀን ቀን ኦክስጅን ይትረፈረፋል፤ ሌሊት ግን አልጌው ራሱ ይተነፍሳልና ሊነጋጋ ሲል ውሃው ይታፈናል። በዚህ ላይ ጥልቁ ክፍል በሙቀት ወራት ኦክስጅን አልባ ይሆናል። ባሱ ከታች በታፈነ ውሃ፣ ከላይ በጋለ ውሃ መሃል ተጣብቆ ይውላል። እንዲህ ያለ ቀን አይነክስም። ቢነክስም፣ ታግሎ ወጥቶ ሲለቀቅ የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል።

በሽታን በአጭሩ ልለፈው። የላርጅማውዝ ባስ ቫይረስ የሚባል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ዓሣ ሲገድል የታወቀው በ1995 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሳንቲ ኩፐር ላይ ነው። የሚበዛበት በሙቀት ወራት ነው፤ የሚገድለውም በአብዛኛው ትልልቆቹን ነው። ሰውን አይጎዳም። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ግን አያከራክርም፤ ዓሣው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

ናይቫሻ ደግሞ የሌላ ዓይነት ምሳሌ ነው። ሐይቁ ትንሽ ባይባልም ታሪኩ ይጠቅማል። እዚያ ክሬይፊሽ በ1970 ከገባ በኋላ የባሱ ዋና ምግብ ሆነ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ካርፕ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመረብ የሚወጣውን ዓሣ አብዛኛውን ድርሻ ጠቀለለው። ካርፕ የሚበላው የሐይቁን ወለል እየማሰ ነው። ውሃውን ያደፈርሳል፤ አረሙን ይነቅላል። ባስ ደግሞ በዓይኑ የሚያድን ዓሣ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ የባስ ጫጩት በጀልባ ቢጫንም የሚለወጥ ነገር የለም።

ዓሣው በዝቶ ሲያንስ

ከሁሉም ለማስረዳት የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ባሱ ከመጠን በላይ ስለበዛ ማጥመጃው ሊከፋ ይችላል። አላባማ ውስጥ ኦበርን ላይ ሆመር ስዊንግል የሚባል ሳይንቲስት ከ1930ዎቹ ጀምሮ በኩሬዎች ላይ ሲያጠና አንድ ነገር ግልጽ አደረገ። ባስና ምግቡ የሆነው ትንሽ ዓሣ በሚዛን ካልቆሙ አንዱ ሌላውን ያጠፋል። ባሱ ቶሎ ከተለቀመ ትናንሾቹ ይፈሉና እንቁላሉን ይጨርሱታል። ባሱ ከበዛ ደግሞ ምግቡን ጠርጎ ይጨርስና ራሱ ይቀጭጫል። ለአንድ ኪሎ የባስ ሥጋ አሥር ኪሎ ገደማ ትንሽ ዓሣ ያስፈልጋል የሚል የቆየ ስሌት አለ። ያ ምግብ ከየትም አይመጣም።

የተጨናነቀ ሐይቅ በዓሣው መልክ ይታወቃል። ሁሉም ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው ይተልቃል። ሆዳቸው ወደ ውስጥ የገባ ነው። ዕድሜያቸው ግን የልጅ አይደለም።

መድኃኒቱ ትንንሾቹን አጥምዶ መብላት ነው። እዚህ ላይ ግን ልማድ ይመጣል። ሬይ ስኮት በ1972 በባስ ውድድሮቹ ላይ የተያዘ ዓሣ በሕይወት ይለቀቅ ብሎ ከተነሳ ወዲህ፣ መልቀቅ ለባስ አጥማጆች ክብር ሆኗል። በዘመኑ የሚያስፈልግ ነገር ነበር፤ ትልልቅ ሐይቆችን ጠቅሟል። ለትንሽ ሐይቅ ግን ሁሉንም መልቀቅ ደግነት አይደለም። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች «ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ያለውን መልሱ፣ ከዚያ በታች ያለውን ውሰዱ» የሚል ሕግ አውጥተው አይተዋል። በብዙ ቦታ ሕጉ የከሸፈው ሰው ትንንሾቹንም ስለሚለቅ ነው። የተፈቀደለትን የማይወስድ አጥማጅ እንዴት ይቀጣል?

እንግዲህ እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ ትዝታን ከመረጃ መለየት ነው። «ድሮ አሥር እናወጣ ነበር» የሚለው አይጠቅምም። ስንት ሰዓት ተጠመደ? ስንት ዘንግ ነበር? በምን ማባበያ? በሰዓት ሲካፈል ስንት ይመጣል? ባዶ እጅ የተመለሱበት ቀናትስ ተመዝግበዋል? እነዚያ ብዙ ጊዜ አይመዘገቡም፤ ሰው ባዶ ቀኑን አይወድም። አንድ ደብተር ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቢሰቀልና ሁሉም በሐቅ ቢጽፍበት በሁለት ዓመት ውስጥ ወሬን የሚያስንቅ ነገር ይወጣዋል።

ቀጥሎ ርዝመት ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆኑት ባሶች ውስጥ 30 ያለፉት ከመቶ ስንት ናቸው? ከ40 እስከ 70 ከሆኑ ሐይቁ በሚዛን ላይ ነው ይባላል። ከዚያ በጣም ከወረደና ዓሦቹም ከከሱ ተጨናንቀዋል። ከዚያ በላይ ሆኖ ትንንሽ ከጠፋ ደግሞ አዲስ ትውልድ እየመጣ አይደለም፤ ያኔ መፈተሽ ያለበት ዳሩና ጎጆው ነው። ሜትርና ሚዛን ብቻ ይበቃል። ከዚህ ርካሽ ምርመራ አላውቅም።

ቁጥሩን ራሱን ማወቅ ለሚፈልግ የቆየ ብልሃት አለ። 50 ባስ ይያዝና ክንፋቸው ላይ ትንሽ ምልክት ተደርጎ ይለቀቁ እንበል። ከተቀላቀሉ በኋላ እንደገና 40 ይያዝ። ከ40ው ውስጥ አሥሩ ምልክት ካላቸው፣ ምልክት የተደረገባቸው ከአራት አንድ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ 200 ገደማ ባስ አለ። ሒሳቡ የልጅ ነው፤ ወጥመዱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱም ጊዜ በመንጠቆ ከተያዙ ስሌቱ ይበላሻል። ወይ እነዚያው ቸኳዮች ተመልሰው ይያዙና ሐይቁ ባዶ ይመስላል፤ ወይ የተያዙት ነቅተው ይጠፉና ሐይቁ የሞላ ይመስላል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ዙር በመረብ ወይም በኤሌክትሪክ ዓሣውን ለአፍታ በሚያደነዝዝ ጀልባ መሆን አለበት። የኤሌክትሪኩ ሥራ ፈቃድና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ለአንድ ምሽት ባለሙያ መጥራት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ዙር ጫጩት ግዢ የተሻለ ወጪ ነው። መንጠቆ ያላየውን ዓሣ የሚያሳየውም እሱ ነው።

ውጤቱ «ዓሣው አለ» ከሆነ ቀሪው የአጥማጆች ጉዳይ ነው። የሐይቁን ግማሽ ለተወሰኑ ሳምንታት ማሳረፍ፣ ማባበያ መቀያየር፣ የተለመደውን ጥግ መተው። በመራቢያ ወቅት ጠጠራማዎቹን ዳሮች መዝጋት ደግሞ ዓሣው ቢኖርም ባይኖርም አይጎዳም። የወደቀ ዛፍም ባለበት ይቆይ።

ጫጩት መግዛት ምንጊዜም ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ሐይቁ በኦክስጅን እጦት ወይም በሌላ ምክንያት ጨርሶ ካለቀበት ከዜሮ መጀመር ግድ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚገባው ባሱ አይደለም፤ የሚበላው ትንሽ ዓሣ ነው። ከወራት በኋላ፣ እነሱ ተላምደው መራባት ሲጀምሩ፣ ባሱ ይከተላል። ባስ በሕይወት ባለበት ሐይቅ ላይ ግን አምስት ሳንቲ ሜትር የምታክል ጫጩት መልቀቅ ለነባሮቹ ምሳ ማቅረብ ነው። የግድ ይለቀቅ ከተባለ 20 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ይሁን፣ ቁጥሩም ትንሽ ይሁን፣ ሁሉም ክንፉ ላይ ምልክት ይኑረው። በዓመቱ ምልክት ያለው ዓሣ ካልተገኘ ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ አይዋጣም።